የአባዬ ንዴት

በምሠራበት የልብስ ስፌት ድርጅት ስሜ ባሩድ ነው። ፊት ለፊት የሚጠራኝ የለም፤ ግን ክፍሎቹን የሚለየው ጣውላ ስስ ነው፣ ጆሮዬም ደህና ነው። ሥራዬ ጨርቅ መቁረጥ ነው። የጥበቃና የፋብሪካ ሠራተኞች የደንብ ልብስ የሚወጣበት ጨርቅ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ እየተደራረበ ይነጠፋል፣ እኔ በጠመኔ የተሰመረውን ተከትዬ ማሽኑን እገፋለሁ። እኔ ከሳትኩ የሚበላሸው አንድ ሸሚዝ አይደለም፣ ክምሩ በሙሉ ነው። ስለዚህ ቆራጭ ሲቆርጥ ማንም አያናግረውም። እኔን ግን አለማናገር ብቻ ሳይሆን፣ ልብስ ሰፊዎቹ በጠረጴዛዬ በኩል ማለፍ ትተው በጓሮ በር ዞረው ነው ሽንት ቤት የሚሄዱት።

እውነቱን ለመናገር አልፈርድባቸውም። ከጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ለመድረስ ሆዴን ጠርዙ ላይ አስደግፌ ስንጠራራ ፊቴ ይነጣል፣ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ልቤ ደረቴን በስቶ ሊወጣ ይደርሳል፣ ራሴ ለሁለት የሚሰነጠቅ ይመስለኛል። በዚያ ሰዓት አንዷ መጥታ "ክር አልቋል" ብትለኝ የምመልስላት ለጆሮ አይመችም። ከዚያ እንደ አመጣጡ ይሄዳል። ሰው ሁሉ "በረደላት" ይላል። የሚገርመው፣ ምን እንዳናደደኝ እኔም አላውቅም ነበር። ሁሉም ተናደድሽ ሲለኝ የሆነ ነገር አናዶኝ መሆን አለበት እያልኩ ምክንያት ስፈልግ ኖርኩ። ፈልጎ የሚያጣ ደግሞ የለም፤ ክሩ አለ፣ አለቃዬ አለ፣ የቀድሞ ባሌ አለ። ባሌ "ካንቺ ጋር መኖር ከተጣደ ድስት ጋር መኖር ነው" ብሎ ልብሱን ሸክፎ የሄደ ሰው ነው። ሲሄድም አልተናደድኩም ነበር። ጎንበስ ብዬ ጫማውን ከአልጋ ሥር እያወጣሁለት ነበር።

በቤታችን ንዴት ከአባት የወረስነው ነው ይባላል። አባዬ አናጢ ነበር። ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ አስሮ፣ ሆዱን አስደግፎ መላጊያውን ሲገፋ፣ ድንገት ፊቱ እንደ ኖራ ይነጣና ላብ ያጠምቀዋል። እማዬ ያኔ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ "አባታችሁን አታናግሩት፣ ደሙ ፈልቷል" ትለናለች። እኛም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። የቤቱ ሕግ ይሄ ነበር፤ አባዬ ከነጣ ዝም ነው።

ወንድሜ አንድ ቀን ይህን ሕግ ጣሰ። ታላቄ ነው፣ ያኔ ጎረምሳ ነበር። አባዬ ሳንቃ ላይ መላጊያ እየገፋ ሳለ መጥቶ "እኔ እንጨት አልሠራም፣ የመኪና ቀለም ቅብ ልማር ነው" አለው። አባዬ መላጊያውን ወረወረ፣ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ፣ የማይሰማ ነገር ተናገረ፣ ወደቀ። ሳይመሽ ሞተ። ለቅሶ በመጣው ሰው ፊት እማዬ ወንድሜን በጣቷ እያሳየች "አባቱን በንዴት የገደለ ልጅ አልወለድኩም" አለች። በነጋታው ወንድሜ ከቤት ወጣ። እስከዛሬ አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህ እማዬን ስንት ልጅ አለሽ ቢሏት "አንድ" ነው መልሷ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። ወንድሜን ግን አልተውኩትም። ከከተማው ዳር ያለ ጋራዥ ውስጥ መኪና ይቀባል፣ አልፎ አልፎ ሄጄ አየዋለሁ። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ሙያውም የተመሰከረለት ነው። ነገር ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። ልጆቹን እንኳ ሲቆጣ በሹክሹክታ ነው። አንድ ጊዜ ተናግሮ ሰው ገድሏል፤ ደግሞ እንዳይገድል ይፈራል።

የእኔ ደም ግፊት የተገኘው ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። አንድ ኪኒን ሰጡኝ፣ አልወረደም። ጨመሩበት፣ አልወረደም። ሦስተኛ ሲጨምሩበት "በትክክል እየወሰድሽ ነው?" የሚለው ጥያቄም አብሮ መጣ። አንዱ ሐኪም ልብሽ ይረጋጋልሻል ብሎ የሰጠኝ ኪኒን ጭራሽ ያን ነገር አባሰብኝ፤ መባሱን ብነግረው "ጭንቀት ነው" አለኝ። ሁሉም ሲሸኙኝ የሚሉት አንድ ነው፦ ጨው ቀንሺ፣ አትናደጂ። ጨውን እማዬ ከቤት አጠፋችው፤ ወጡም ሾርባውም ውሃ ውሃ ይላል። ንዴቱን ማን ያጥፋልኝ? አትናደጂ የተባለ ሰው ምን ያህል እንደሚናደድ ሐኪም ቤት አያስተምሩም መሰለኝ። ታክቶኝ ነበር። ከበሽታው ይልቅ ያታከተኝ፣ በእኔ አመል የመጣ ነው መባሉ ነው።

ባለፈው ክረምት ማሽኑ በእጄ እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ወደቅሁ። ማሽኑ አንድ ክምር ሱሪ ቀደደና ቆመ። አለቃዬ ውሃ አጠጣኝና "እህቴ፣ ግፊትሽ ሳይስተካከል ይህን ማሽን አትነኪም። ዛሬ ሱሪ ነው፣ ነገ ጣትሽ ነው" አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የተላክሁት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚያ ያገኘኋቸው ሐኪም በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። ጫማቸውን ጠረጴዛቸው ሥር አውልቀው ነው የሚሠሩት፤ ከእኔ የባሰ የደከማቸው ሰው ሳይ ትንሽ ቀለለኝ። አትናደጂ አላሉኝም። ታንኮራፊያለሽ ወይ፣ ለራስ ምታት ምን ትውጫለሽ፣ የወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ ወይ፣ እግርሽ ያብጣል ወይ እያሉ ጠየቁኝ። ኩላሊቴን በአልትራሳውንድ አሳዩ፣ የእንቅርት እጢዬን በደም አስመረመሩ። ሁሉም ደህና ሆነ። ደህና ነሽ መባል ያን ያህል ተስፋ እንደሚያስቆርጥ አላውቅም ነበር።

"የብዙ ሰው ግፊት ይሄ ነው የሚባል አንድ መነሻ የለውም" አሉኝ። "ዕድሜውም፣ ዘሩም፣ ኑሮውም ተደማምሮ ነው። የጥቂት ሰው ግን ከኋላ የሚገፋው ነገር አለ። አንቺ ገና በወጣትነትሽ ነው የጀመረሽ፣ ሦስት ኪኒንም አልበገረውም፣ ደግሞ ይመጣል ይሄዳል። የሚገፋውን ካላገኘን ኪኒን ብንከምርብሽ ዋጋ የለውም። እስቲ ንገሪኝ፣ ሲመጣብሽ ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየተናደድኩ" አልኩ፤ ሌላ መልስ አላውቅማ።

"እሱን ተይው። እጅሽ ምን እየሠራ ነው?"

"ጨርቅ እየቆረጥኩ።"

"እንዴት ነው የሚቆረጠው? አሳዪኝ።"

ወረቀታቸውን ሰብስበው ጠረጴዛውን ለቀቁልኝ። አንድ ነርስ የግፊት መለኪያውን ግራ ክንዴ ላይ አሰረችልኝ። እኔም እንደለመድኩት ሆዴን ጠርዙ ላይ አስደግፌ ቀኝ እጄን ወደ ወዲያኛው ጥግ ዘረጋሁ። እንደ ቂል ነበር የቆጠርኩት ራሴን። ብዙም ሳይቆይ ያ ነገር መጣ፤ ላቡ፣ ልቤ፣ ራሴ። መለኪያው ክንዴን ጨምቆ ሲለቅ ሐኪሟ ቁጥሩን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

"በቃ፣ ቀስ ብለሽ ተነሺ። ቁጭ በይ።" ላቤን እስክጠርግ ጠበቁኝና "አሁን ተናደድሽ?" አሉ።

"ኧረ በፍጹም።"

"ታዲያ ማነው የተናደደው?"

ነርሷ ውሃ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ፣ ከዚያ በሰው ፊት አለቀስኩ። ሲመጣ ቆሞ ያየልኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ ሁሉም በጓሮ በር ነበር የሚያልፈው።

ቀጥሎ የአንድ ቀን ሽንት ሳላስቀር በጀሪካን አጠራቅሜ እንዳመጣ ታዘዝኩ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጀሪካኑን አይቶ "ዘይት ነው? የት አገኘሽ?" አለኝ። "ቤት ውስጥ የተመረተ ነው" አልኩት። እስክወርድ ድረስ ዋጋውን ሲጠይቀኝ ነበር። ከዚያ ሲቲ ስካን ተነሣሁ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ምስሉን ወደ እኔ አዞሩት።

"በየኩላሊቱ ላይ እንደ ቆብ የተቀመጠች ትንሽ እጢ አለች። ሰው ሲደነግጥ ወይ ሲናደድ ልቡን የሚያስሮጠውን ነገር የምትረጨው እሷ ናት። ያንቺ የግራዋ ላይ ዕብጠት ወጥቶባታል። ሆድሽን ስትጫኚው ይረጫል። አንቺ ሳትናደጂ ሰውነትሽ የተናደደ ይመስለዋል። በቀዶ ጥገና ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ደም ሥርሽን የሚያላላ መድኃኒት ለተወሰነ ጊዜ ትወስጃለሽ፤ እንዲሁ ቢነካ አደገኛ ነው። ውሃ በደንብ ጠጪ። ጨውም ብዪ።"

"ጨው?"

"ጨው። መድኃኒቱን ስትጀምሪ ያስፈልግሻል። አንቺን ነው ያልኩት፣ ለጎረቤት እንዳታዢ።"

ስንት ዓመት ያለ ጨው! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል ተናደድኩ፤ ልቤም እንኳ አልፈጠነም።

"አባትሽ በምን ሞቱ?" አሉኝ ቀጥለው።

"በንዴት" አልኩ። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። አባዬን ነገርኳቸው፤ መላጊያውን፣ ጠረጴዛውን፣ ላቡን፣ ወንድሜን፣ እማዬ ያለችውን።

"የሞተ ሰው አይመረመርም" አሉ። "እርግጠኛ መሆን አልችልም። ግን ይሄ ነገር አንዳንዴ በዘር ይሄዳል። ያን ቀን አንቺ እዚያ ነበርሽ?"

"ነበርኩ። የእንጨት ፍቅፋቂ እየጠረግሁ።"

"ፊታቸው የነጣው ወንድምሽ ከተናገረ በኋላ ነው፣ ወይስ በፊት?"

ፍቅፋቂው ታየኝ። መጥረጊያዬ ታየኝ። ወንድሜ በሩ ላይ ሲደርስ እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ነበር፤ አትናገር ልለው። አላየኝም። አትናገር የምለው ለምንድነው? አባዬ ነጥቶ ስለነበረ ነዋ። ሕጉ የሚሠራው ከነጣ በኋላ ነው። ወንድሜ አፉን ሳይከፍት አባዬ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

"በፊት" አልኩ። "ከመናገሩ በፊት ነው።"

ሐኪሟ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወንድምሽን አምጪው። ሳይመረመር እንዳይቀር።"

ለእማዬ የነገርኳት በዚያው ቀን ማዕድ ቤት ውስጥ ነው። የገዛሁትን ጨው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን አላቋረጠችም።

"አባትሽን የማውቀው እኔ ነኝ" አለች። "ንዴተኛ ነበር። ልጁ አናደደው፣ ሞተ። ሐኪሞች ስም ማውጣት ይወዳሉ።"

"እማዬ፣ ወንድሜ ሳይመጣ ነጥቶ ነበር። እኔ እዚያው ነበርኩ።"

"ልጅ ነበርሽ።"

"አታናግሩት የምትይንስ መቼ ነበር? ሲነጣ አይደለም እንዴ? ሳይነጣማ እንደልባችን እናወራው ነበር።"

ቢላዋው ቆመ። ከኋላዋ ሳያት ጀርባዋ ጎብጧል። አሮጊት መሆኗን ያን ቀን ነው ያየሁት።

"እንደሱ ከሆነ" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔ ምንድነኝ?"

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። አቅም አጣሁ፤ አሳዘነችኝም። ጨውን አንስቼ ወጡ ውስጥ ጨመርኩ። ሁለታችንም በላን፣ ሁለታችንም ጣዕሙን አልሰማነውም።

መድኃኒቱን ስወስድ ቆይቼ፣ ሆስፒታል ልተኛ አንድ ቀን ሲቀረኝ ጋራዥ ስደርስ ወንድሜ ከአንድ የጭነት መኪና በር ሥር ተቀምጦ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ ነገርኩት። መጀመሪያ እጢውን፣ ቀጥሎ አባዬን። ሲሰማኝ ብርጭቆ ወረቀቱን በእጁ አጣጥፎ አጣጥፎ ትንሽ አደረገው።

"ባልናገረውስ ኖሮ?" አለ በዚያ በሹክሹክታው።

"ባትናገረውም መላጊያውን ሲገፋ ይሞት ነበር። ያን ቀን ባይሆን ሌላ ቀን።"

"ርግጠኛ ነሽ?"

ልዋሽለት አሰብኩ። "ሐኪሟም ርግጠኛ አይደሉም" አልኩት። "እኔ ግን ፊቱን አይቻለሁ። ከመምጣትህ በፊት ነጥቶ ነበር።"

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር የመጣሁት። ደስ አላለውም። ከባድ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ እንደቆየ ሰው ነበር፤ አውርድ ሲሉት ክንዱ አልላቀቅ ያለው። "ልጆቼ ጮክ ብዬ ስስቅ ሰምተውኝ አያውቁም እኮ፣ እቱ" አለኝ። ከዚያ ደግሞ እንደ ቀልድ፣ "እኔም እኮ የመኪና ታችኛውን ስቀባ ጎንበስ ስል ራሴን ይመታኛል። ላቡም አለ። የቀለሙ ሽታ ነው ብዬ…" አለ።

"ነገ ትመጣለህ። ለኦፕራሲዮኑ ሆስፒታል የምተኛው ነገ ነው። እዚያው ትመረመራለህ።"

"እሷ ትኖራለች?"

"እናቴ ናት፣ የት ትሂድ?"

"ታዲያ አልመጣም። አንቺ ስትድኚ ሌላ ቀን እመረመራለሁ።"

"ሌላ ቀን ያለው አባዬ ነው" አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ መካኒኮቹ ዞረው አዩን። "ነገ እጨርሰዋለሁ የሚለው ሳንቃ ነበረው። አልጨረሰውም። እኔ ቆርጬ ቆርጬ ደክሞኛል፣ አንተን ደግሞ መቅበር አልችልም። አቅሙ የለኝም።"

ወደ መኪናው በር ዞሮ መፈተጉን ቀጠለ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። እማዬ ሆስፒታል ስትመጣ እሱ አይመጣም፣ እሱ እንዲመጣ እማዬን ቤት ተቀመጪ ማለት አልችልም፤ በመሀል እኔ የሁለቱ መልእክተኛ ሆኜ አርጅቻለሁ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። መድኃኒቱ ስነሣ ያዞረኛል፣ አፍንጫዬን ደፍኖታል። እማዬ ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሌለ አቧራ ከጭኗ ላይ ታራግፋለች። ሌላ ባዶ ወንበር ከአልጋው ግርጌ አለ። ሐኪሟ ገብተው ግፊቴን አዩ፣ ደህና ወርዷል አሉ፣ ከዚያ ወደ እማዬ ዞሩ።

"እናቴ፣ ይሄ ነገር በዘር ስለሚሄድ አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። ባለቤትዎ እህት ወንድም ነበሯቸው?"

"አንድ እህት ነበረችው። በወሊድ ሞተች።"

"ግፊት ነበረባት?"

"አናውቅም። ያኔ ማን ይለካ ነበር?"

በዚያው ቅጽበት ወንድሜን አየሁት። በሩ ላይ ቆሟል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጥፍሩ ሥር ግን ሰማያዊ ቀለም አለ። እግሩን አላስገባም፤ ደፉ ላይ ነው። እማዬም አየችው። ከስንት ዓመት በኋላ መሆኑን እሷ ታስላው። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም፣ እጇ ብቻ ጭኗን ማራገፉን ተወ።

"ልጆችስ ስንት አሉዎት?" አሉ ሐኪሟ፣ ጀርባቸውን ለበሩ እንደሰጡ።

እናቴ አፏን ከፈተች። "አንድ" የሚለው ምላሷ ላይ ሲመጣ ያየሁት መሰለኝ፤ ስንት ዓመት የለመደች ምላስ ናት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ልቤ ሮጠ፣ ይሄኛው የእጢ አልነበረም።

"ሁለት" አለች እማዬ። "ታላቁ ወንድ ነው። እሱንም እዩልኝ።"

ሐኪሟ ዞረው አዩት። ወንድሜ አሁንም አልገባም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደሚል ግን አይሰማም፤ መጮህ እንደረሳ ያስታውቃል። እናቴ እንደምንም ተነሣች፣ የአልጋዬን ብረት ይዛ ወደ ግርጌው ሄደች፣ ባዶውን ወንበር ጎትታ ወደ እሱ አዞረችው።

"ቁጭ በል እንጂ" አለችው። "እስከ መቼ ትቆማለህ?"